ለአንድ ቀን የሚበጠበጥ መድኃኒት

የሰው እጅ ከሚያሰናዳቸው ነገሮች አንዳንዶቹ በቈዩ ቍጥር ይሻላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በተሰናዱበት ቀን ካልተሠራባቸው ከንቱ ይሆናሉ። በእኛ በከምባታ አገር ቆጮ በጕድጓድ ተቀብሮ ወራት ሲከርም ይበስላል እንጂ አይጠፋም። የብራና ጸሐፊም ጥቁር ቀለሙን ከጥቀርሻና ከተቈላ እህል አሰናድቶ ለወራት ካቦካው በኋላ ያኖረዋል፤ በፈለገም ጊዜ በውኃ እያራሰ ይጽፍበታል። ቡና ግን ከተፈላ በኋላ ለነገ ቢያሳድሩት ማን ይጠጣዋል? ዛሬ ለአንባቢ ልገልጸው የምወደው መድኃኒት ጠባዩ እንደ ቡናው ነው እንጂ እንደ ቀለሙ አይደለም። ስሙ አሚዶል ይባላል፤ ሥራውም በወረቀት ላይ የተሰወረውን ፎቶግራፍ መግለጥ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የፎቶግራፍ ወረቀት ፊቱ የብር ጨው የተቀባ ነው። ኔጌቲቩን በላዩ አድርገው ጥቂት ብርሃን ቢያሳዩት በዐይን የሚታይ ለውጥ የለም፤ ወረቀቱ እንደ ነጣ ይቀራል። ነገር ግን በመድኃኒት ሲነከር ብርሃን የነካው የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ብርሃን ያልነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያደርገውን መድኃኒት ፎቶ አንሺዎች ዴቨሎፐር ይሉታል። አሚዶልም ከነዚህ አንዱ ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር ለገበያ የወጣ ነው። ከዴቨሎፐሮች አብዛኞቹ ኀይል እንዲያገኙ የሶዳ ዐይነት ቅመም ይሻሉ፤ አሚዶል ግን ሶዲየም ሱልፋይት ብቻ ይበቃዋል።

የፎቶግራፍ ጥበብ ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአዲስ አበባ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠርተውበታል። በመጀመሪያ ለነገሥታትና ለመኳንንት የነበረው ሥዕል ቀስ በቀስ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ወርዶ በአምበሪቾ ተራራ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ዱራሜም ደረሰ። ዛሬ በብዙ ቤት የሠርግ ፎቶግራፍ ከግድግዳው አይታጣም፤ ልቅሶም በሆነ ጊዜ የሟቹ ሥዕል በእጅ ተይዞ ይለቀስበታል። ስለዚህ ፎቶግራፍ በእኛ ዘንድ የቤት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በሌለው ሰው ፈንታ የሚቆም ነው።

በዛሬ ጊዜ አሚዶልን የሚሸጡ ጥቂቶች ናቸው፤ ዋጋውም ውድ ነው። በውጭ አገር የሚኖር አንድ ወዳጄ 50 ግራም ልኮልኝ ነበር። ለአንድ ሊትር 5 ግራም ያህል ስለሚገባ ያ ጠርሙስ የዐሥር ቀን ሥራ ማለት ነው። አበጣጠሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ 750 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ 25 ግራም ደረቅ ሶዲየም ሱልፋይት ይሟሟል። ሱልፋይቱ መቅደም ይገባዋል፤ አሚዶል ብቻውን በውኃ ቢገባ አየር ፈጥኖ ያበላሸዋልና። ከዚያ 5 ግራም አሚዶል ይጨመራል፤ የወረቀቱም ነጭ እንዲጠራ ግራም የማይሞላ ፖታሲየም ብሮማይድ ይገባበታል፤ በመጨረሻ ውኃው አንድ ሊትር እስኪሆን ይሞላል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ወረቀቱ በ2 ደቂቃ ያህል ሥዕሉን ይሰጣል፤ ጥቁሩም የጠለቀና ጥቂት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው።

የሚሠራበት ሰው ግን ይጠንቀቅ። ዱቄቱ በትንፋሽ እንዳይገባ፣ ቆዳንም እንዳያስቈጣ አፍንጫን ሸፍኖ ጓንት ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ የነካውን ጣትና ልብስ ያጠቍራል፤ በሳሙናም በቀላሉ አይለቅም። ዱቄቱ ከአየርና ከርጥበት ከተጠበቀ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየቀላና እየጠቈረ ሄዶ ኀይሉን ይጨርሳል። ማታ ይደፋል እንጂ ለነገ አይተርፍም።

በአሜሪካ አገር ኤድዋርድ ዌስተን የሚባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1886 ተወልዶ በ1958 ዐረፈ። ሥዕሎቹን የሚያትመው በአሚዶል ነበር። በእርጅናው ዘመን የፓርኪንሰን በሽታ እጁን ባደከመው ጊዜ ልጆቹ ብሬትና ኮል ኔጌቲቮቹን አተሙለት። ይኸው ብሬት ግን እርሱም ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ሆኖ 80 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ1991፣ ከራሱ ኔጌቲቮች ብዙዎቹን በእሳት አቃጠለ፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው እንዲያትማቸው አልወደደምና። ስለ ጥበቡ ክብር ያደረገውን አልነቅፍም። ነገር ግን በከተማችን በየሣጥኑ የተኛው ኔጌቲቭ የፎቶ አንሺው ብቻ ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ ፊቱ የታተመበት ሰውና የቤተ ዘመዱም ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝን ነገር ልንገራችሁ። አንዲት አሮጊት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን አንድ ኔጌቲቭ አመጡልኝ። ወታደር ሆኖ ሄዶ ያልተመለሰ የልጃቸው ነበር። በከምባትኛ የነገሩኝ ቃል በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ ስሙን አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም፤ ፊቱን ግን እየረሳሁት ነው።» ልጁ በቀትር ፀሐይ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ማተም ያስቸግራል፤ የጋቢው እጥፋት እስኪታይ ብርሃን ቢሰጡት በባርኔጣው ጥላ ያለው ፊት ይጨልማል፤ ለፊቱ ቢያዝኑለት ጋቢው ባዶ ወረቀት ይሆናል።

በጠርሙሱ የቀረኝ 5 ግራም ብቻ ነበር፤ የአምበሪቾን ተራራ ላትምበት አስቤ ያኖርሁት ነው። ነገር ግን ተራራው ነገም በስፍራው ይገኛል፤ የእናት ዐይን ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም። ስለዚህ መድኃኒቱን በጠበጥሁ። ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ በአሚዶሉ ነክሬ ሳይናወጥ በንጹሕ ውኃ ውስጥ አሳረፍሁት፤ ደግሞም መለስሁት። በውኃው ባረፈ ጊዜ ጥቁር በሚሆነው ስፍራ የተመጠጠው መድኃኒት ፈጥኖ ያልቃል፤ ነጭ በሚሆነው ስፍራ ግን ገና ይሠራል። በዛሬው ወረቀት የዚህ ዘዴ ጥቅም እንደ ድሮው አይበዛም፤ ቢሆንም በቀዩ መብራት ሥር ጋቢውና ፊቱ አብረው ወጡ። እናቲቱ የደረቀውን ሥዕል ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። አላለቀሱም። «ለካ ጆሮው የአባቱ ኖሯል» አሉ።

መድኃኒቱ ለነገ የማይተርፍ ስለ ሆነ ሥራውን በአንዱ ሥዕል አላቆምሁም። ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ፣ ለየልጆቻቸውም እያልሁ እስኪመሽ 11 ሥዕል አተምሁ። ሊቀመጥ የሚችል መድኃኒት ቢሆን ኖሮ አንዱን ሰጥቼ የቀረውን በጠርሙስ ባኖርሁት ነበር። የማይቀመጥ መሆኑ እጄን ለሰው ከፈተው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የቆየ ኔጌቲቭ እንዳለ ሣጥኑን ክፈት። የሚያትምልህም ሰው ሥዕሉን በሃይፖ አጽንቶ በሚፈስ ውኃ ደኅና አድርጎ ይጠበው፤ ሃይፖው በወረቀቱ ከቀረ በዓመታት ውስጥ ያደበዝዘዋልና። በጀርባውም የሰውዬውን ስምና ዓመቱን በእርሳስ ጻፍበት። ኔጌቲቩ ብዙ ዓመት መቈየት ይችል ይሆናል፤ ፊቱን አይቶ «ይህ እገሌ ነው» የሚለው ሰው ግን እንደ አሚዶሉ ቀኑ የተቈጠረ ነው።