ምንም የማትፈራዋ አሮጊት

የዛሬዋ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። በተለይ እኔ ጋ አንደኛ ክፍል የተማራችሁ ልጆቼ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ለእናንተ የምለው አለኝ።

እንደምታውቁት እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ወዲህ የምሠራው ትንንሽ ልጆች ክፍል ውስጥ በረዳትነት ነው። ሀገር ቤት 20 ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜ፣ እዚህ ጫማ አሳሪና አፍንጫ ጠራጊ ሆኛለሁ። አላፍርበትም። ባለፈው ሳምንት ግን የዋናዋ መምህርት ድምፅ ተዘጋና "ነገ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ" ብላ አንድ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ሽፋኑን ሳየው የሃሎዊን መጽሐፍ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔና ሃሎዊን አንዋደድም። እዚህ በመጣሁበት ዓመት ኦክቶበር 31 ማታ የበረንዳውን መብራት አጥፍቼ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ልጆች በሩን ሲያንኳኩ ትንፋሼን ውጬ፣ አፅም በር ላይ የሚሰቅል ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው እላለሁ። ቀኑ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ መሆኑን፣ አየርላንዶች ሲሰደዱ ልማዱን ይዘውት እንደመጡ የሰማሁት ኋላ ነው። ቤት ለቤት መዞሩማ ለእኛም ብርቅ አይደለም፤ ሆያ ሆዬ ብለን ሙልሙል ስንቀበል አይደል እንዴ ያደግነው?

መጽሐፉን ቤት ወስጄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በ1986 የወጣ ነው፤ ጸሐፊዋ ሊንዳ ዊሊያምስ፣ ሥዕሉ የሜጋን ሎይድ። ምንም ነገር የማትፈራ አንዲት አሮጊት ከጫካ ወደ ቤቷ ስትመለስ ይመሽባታል። መንገድ ላይ ባዶ ጫማ እየረገጠ ይከተላታል። ከዚያ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ጓንት፣ ባርኔጣ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ የዱባ ጭንቅላት ሲመጣባት እግሬ አውጪኝ ብላ ትሮጣለች።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሀበሻ እናት ልጇን ስታደርስ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ እባክዎን ልጄን ይሄን የሰይጣን ነገር እንዳያሳዩብኝ። ማታ ማታ ብቻውን አይተኛልኝም" አለችኝ። ከራሴ አፍ የወጣ ነው የመሰለኝ። ምን ብዬ ልከራከራት? "ካልፈለግሽ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይቆያል። ግን መጀመሪያ አንቺ እዪው" አልኳትና ኮሪደር ላይ ቆመን ገጽ በገጽ እየገለጥኩ በአማርኛ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "እሺ፣ ይስማ። ጭምብል ግን አያጠልቅም። ደግሞ እርስዎ አጠገብ ይቀመጥ" አለች።

አነበብኩ። ልጆቹ ከጫማው ጋር እግራቸውን መሬት ይመታሉ፣ ከጓንቱ ጋር ያጨበጭባሉ። አንዷ "እንደዚያ አይባልም" ብላ አነጋገሬን አረመችኝ፤ አመስግኜ ቀጠልኩ። የእኛ ልጅ ቀሚሴን ጨምድዶ ይዟል። ዱባው ጋ ስንደርስ ዓይኑን ጨፈነ። አሮጊቷ ቤቷ ገብታ ቆልፋ፣ በሩ ሲንኳኳ፣ በአማርኛ በጆሮዬ "አትክፈቺ በያት" አለኝ።

ያቺ ጨለማ ውስጥ የተቀመጥኩባት ማታ ትዝ አለችኝ። "ትከፍታለች፤ አብረን እንይ" አልኩት።

ከፈተች። ሁሉም በር ላይ ቆመዋል። ልታስፈሯት እንዳልቻሉ ስትነግራቸው ዱባው አዘነ። እሷም የሆነ ነገር ሹክ አለችው። በነጋታው በመስኮት ስታይ ጫማው፣ ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ ሁሉም ተገጣጥመው አትክልቷ መሀል ቆመው ወፍ ያባርራሉ። ማስፈራሪያ ሆኑ!

ልጆቹ እርሻ ላይ የቆመ ማስፈራሪያ አይተው አያውቁም። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሽላ ስንጠብቅ የነበረውን ነገርኳቸው፤ ማማውን፣ ወንጭፉን፣ አባቴ አሮጌ ኮቱን ጭድ ጠቅጥቆ ያቆመውን ማስፈራሪያ። ቀን አብሬው እውል ነበር። ሲመሽ ግን በዚያ በኩል አላልፍም። አባቴ ሳይስቅብኝ አንድ ቀን ወሰደኝና "ጭዱ ረግፏል፣ አንቺ ሙዪው" አለኝ። በገዛ እጄ ሞላሁት። ከዚያ ወዲያ አልፈራሁትም።

ማታ እናቱ ስትመጣ ልጁ ገና ከበሩ "እማ፣ ልብስ ብቻ ነው እኮ!" አላት። በማግስቱ "ተኛ ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ተኛ። መብራቱን ግን አላስጠፋም" ብላ ሳቀች። ይሁን።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ያን ዕቃ ቤት ታስታውሱታላችሁ? "ዝም ካላላችሁ አስገባችኋለሁ፣ ጅብ አለ" የምላችሁ? ሰባ ልጅ በአንዴ ፀጥ ይልልኝ ነበር። ያን ፀጥታ ማስተማር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ልጅ እውነትም አስገብቼ ዘጋሁበት። ብዙ አልቆየሁም። ስከፍተው ሱሪው ርሷል፤ አላለቀሰም። እናንተ ሳቃችሁ፤ ልጆች ናችሁ። እኔ ግን አላስቆምኳችሁም። ስሙን አልጠራም፤ ይህን የሚያነብ ከሆነ ራሱን ያውቃል።

ልጄ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተሰበረ ዴስክና የተቀደደ ካርታ ብቻ ነበር። ብርሃን አስገብቼ፣ እጅህን ይዤ ላሳይህ ይገባኝ ነበር። አላደረግኩትም። ይቅርታ አድርግልኝ። ሌሎቻችሁም ይቅር በሉኝ።

ዘንድሮ ኦክቶበር 31 መብራቴን አላጠፋም። ከረሜላም ገዝቻለሁ። አፅም ግን በሬ ላይ አልሰቅልም፣ ተዉኝ!

እስቲ እናንተን በልጅነታችሁ በምን ያስፈራሯችሁ ነበር? የዛሬ ልጆቻችሁንስ? እዚህ ታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።