ሸንተረራም እና ሸንተረራማ

አማርኛ መሬትን ሲያሞግስ ከሚወዳቸው ቃላት አንዱ ሸንተረር ነው። ጉብታና ስርጉድ እየተፈራረቁ በረጅሙ የተዘረጉበት መሬት ሸንተረራማ ይባላል። አገሩ የናፈቀው ሰው ሲያወራ ስሙት፤ «ጋራ ሸንተረሩ» ሳይል አይጨርስም። ቃሉ ውስጥ ናፍቆት አለ፣ ኩራትም አለ።

ይሄው ቃል ገላ ላይ ሲያርፍ ግን ወዲያው በሽታ ይመስላል። ቅባት ሻጮች ዘንድ ሸንተረር ማለት የሚጠፋ ነገር ነው።

ታናሽ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። ባንድ ክረምት ቁመቷ ተመዘዘና ጭኗና ወገቧ ላይ ጠቆር ያሉ ወይን ጠጅ መስመሮች ወጡ። ከዚያ ወዲህ በሙቀትም ቢሆን ረጅም ልብስ ነው። አንድ ቀን አንድ መዋቢያ ሱቅ ገባን። ሻጯ ገና ነገሩን ስትሰማ «ሸንተረራም ቆዳ እኮ በጊዜ ካልተያዘ አስቸጋሪ ነው» አለች። እህቴ ዝም ብላ ወለሉን አየች።

እኔ ጆሮ ላይ የቀረችው ያቺ «ም» ናት። ሆዳም፣ ጥርሳም፣ ንፍጣም፣ ቁስላም እንላለን። ሀብታምን የመሰሉ ቢኖሩም፣ ሰውነት ላይ ስትለጠፍ «ም» ብዙ ጊዜ ስድብ ናት። ተራራማ፣ ደናማ፣ አሸዋማ ስንል ግን ማንንም አንሰድብም፤ መልክ ነው የምንናገረው።

ቤት ገብተን የማውቀውን ነገርኳት። ቆዳ በፍጥነት ሲለጠጥ ከላይኛው ሽፋን ስር ያሉት የኮላጅንና የኢላስቲን ክሮች ይበጠሳሉ። በጉርምስና፣ በእርግዝና፣ ቶሎ በመወፈር ይመጣል፤ ጡንቻ የሚያሳብጡ ወንዶችም አያመልጡትም። በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፤ ጨርሶ የሚያጠፋው ቅባት ግን የለም። የሰሜን ተራሮችም ዝም ብለው እንዲያ አልሆኑም፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ከፍ ብሎ፣ ዝናብና ወንዝ ሲቦረቡረው ኖሮ ነው።

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አለችኝ።

«ሸንተረራማ።»

«እንደ ራስ ዳሸን?» ብላ ሳቀች።

ቅባቱን አልገዛንም። ረጅም ልብሱን ገና አልተወችም። ቢያንስ ግን እኛ ቤት «ም»ን ማንም አይጠራትም።