አደራ የተጣለበት ወጣትነት

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ቀይ ሽብር ታላላቆቻችንን ከየሰፈሩ ለቅሞ ከወሰደ ብዙም አልቆየም። እናቶቻችን ከቤት ስንወጣ «አንገትሽን ድፊ፣ አፍሽን ያዢ» እያሉ ነበር የሚሸኙን። እኔ ደግሞ ምክሩን አጥብቄ ያዝኩት። መልሱን እያወቅሁ እጄን አላነሳም፤ መምህሩ ስሜን ሲጠራ ድምፄ ይጠፋል። ተፈጥሮዬ ይህ ነው ብዬ ተቀብዬ ነበር።

ለዘመቻ የደረሰኝ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ የገበሬዎች መንደር ነው። ክረምቱ ጭጋጋም፣ ብርዱ አጥንት ሰርሳሪ ነበር። የምናስተምረው በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ገበሬው በሬዎቹን ከፈታ በኋላ ነው። ሲመሽ ኩራዝ ይለኮሳል። አባቴን የሚያክሉ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እናቶች ልጅ አዝለው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔውን ይዤ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን የሚሸሸግበት ጥግ አልነበረም። እኔ ካልተናገርኩ ትምህርት የለም።

ከተማሪዎቼ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ አባት ነበሩ። እጃቸው ከእርፍ በቀር የለመደው ነገር ስለሌለ እርሳሱን ሲይዙት ይሰበርባቸዋል። «ተይኝ ልጄ፣ ያረጀ እጅ አይገራም» አሉኝ። ወለሉ ላይ አመድ በተንሁና «አባባ፣ እስቲ በጣትዎ ይሞክሩት» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አመዱ ላይ እየጻፍን እያጠፋን ቆየን። ታጋሽ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ትዕግሥት የሚጠይቅ ጉዳይ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

እኒሁ አባት አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ያመጣውን የፊደል ገበታ ይዘው መጡና «ይህም ‹ሀ›፣ ያም ‹ሐ›፣ ያኛውም ‹ኀ›፤ አንድ ድምፅ ሦስት መልክ ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል። «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኩ። ማንም አልሳቀብኝም። በማግስቱ የመንደሩን ቄስ ጠየቅሁ። እሳቸውም ሃሌታው «ሀ»ን፣ ሐመሩ «ሐ»ን፣ ብዙኃኑ «ኀ»ን ለይተው፣ በግዕዝ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ እንደነበረው አስረዱኝ። ማታ ያንኑ ስናገር ድምፄ እስከ ደጁ ይሰማ ነበር። አለማወቄን በሰው ፊት ተናግሬ ሳልወድቅ መቆሜ ከየትኛውም የፈተና ውጤት የበለጠ አጸናኝ።

ዘመቻው እንከን አልነበረውም አልልም። ወጣቱ የዘመተው ወድዶ ብቻ አይደለም፤ ደርግም ፊደልን ከራሱ ፖለቲካ ጋር አዋሕዶ ነው ያስተማረው። ያም ሆኖ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እያደር ወደ 15 ከፍ ያለ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነበር። ስለ ዘመቻው ሲወራ የሚቆጠረው ፊደል የለየው ጎልማሳ ነው። ፊደል ያስቆጠረው ወጣትም በዚያ ሥራ ራሱን ማወቁ ግን እምብዛም አይነሳም። አፋችንን ይዘን እንድናድግ የተመከርን ልጆች፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠን ሰዎች ሆነን ተመለስን። በቀጣዩ መስከረም ክፍል ውስጥ ገና ጥያቄው ሳያልቅ እጄን አነሳሁ።

ዛሬ ወጣቶቻችን በራስ መተማመንን የሚመለከት ስብከት ከየአቅጣጫው ይሰማሉ፤ መጽሐፉም ሥልጠናውም ሞልቷል። አደራ የሚጥልባቸው ግን ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ «አንተ አጥና፣ ሌላውን ተወው» እንላቸዋለን፤ ከዚያ ደግሞ ለምን ራሳቸውን እንደማያውቁ እንገረማለን። ዘመቻ ይመለስ አልልም። ወላጆችና መምህራን ግን ለልጆቻችሁ ሌላ ሰው የሚጠብቀው፣ ቢቀር የሚጎድል እውነተኛ ሥራ ስጧቸው። ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ፤ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን ሐኪም ቤት ያድርሱ፤ የዕድሩን መዝገብ ይያዙ። በራሳቸው እንዲተማመኑ ከመምከራችሁ በፊት እናንተ ተማመኑባቸው።