የጨው ደጃፍ

ጨው ነጭ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። አያቴ ለላሞቿ የምታስልሰው አሞሌ ከአፋር ሜዳ ተፈልፍሎ በግመል ጀርባ የመጣ፣ ፀሐይ የጠገበ ጨው ነበር። ከመሬት ሆድ የሚወጣ ጨው ያየሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ፖላንድ ተማሪ ሳለሁ፣ ክራኮው አጠገብ ካለው ከቪየሊችካ የጨው ጉድጓድ የወረድን ዕለት ነው።

ከ300 የሚበልጥ የእንጨት ደረጃ ዞረን ዞረን ወረድን። ከምድር 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ጠበቀን፤ የቅድስት ኪንጋ ይባላል። ቆፋሪዎች ከ1896 ጀምረው እየተቀባበሉ ለ70 ዓመት ገደማ የፈለፈሉት ነው። እንደ አገሬ ልማድ ግድግዳውን ተሳለምኩ። ከንፈሬ ጨው ጨው አለኝ። ግራጫ ድንጋይ የመሰለኝ ሁሉ፣ ወለሉም፣ መንበሩም፣ የመብራቱ ፈርጥ ሳይቀር፣ ጨው ነበር። ላሊበላ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ እንባዬ መጣ።

ያኔ ጨው ገና ይወጣበት ነበር። ሠራተኞቹ ሲተላለፉ «እግዜር ይባርክ» ይባባላሉ። ላይ፣ በጎዳናው፣ ዘመኑ የፓርቲ ነው፤ እኔም የመጣሁት በስብሰባ ላይ የእግዜርን ስም መጥራት ከሚያስፈራበት አገር ነው። ታች ግን ሰላምታው እንደ አባቶቻቸው ነው። ይህን ከምንም በላይ ወደድኩላቸው።

ያ ጉድጓድ ያላየው የለም። በ1839 ፌሊክስ ቦችኮቭስኪ የሚባል ሐኪም ሕመምተኞችን በጨው ውሃ ማከም ጀመረበት። በ1944 ናዚዎች የአውሮፕላን ዕቃ ሊያሠሩ አይሁድ እስረኞችን አወረዱበት፤ አስጎብኚያችን እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚሠሩ ፈረሶችም ነበሩ፤ እነሱን ግን አላየኋቸውም። ጋጣቸው እዚያው ታች፣ ከጎብኚ መንገድ ውጭ ነው አሉን። ያሳዩን፣ ፈረሶች እየዞሩ ጨው የሚያነሡበትን ግዙፍ የእንጨት መዘውር ብቻ ነው። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ጨው ማውጣቱ በ1996 ቆመ። የመጨረሻዋ ፈረስ ባሽካም በ2002 ወደ ብርሃን ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው ልጄን ይዤ የተመለስኩት። ዛሬ ሠርግ ይደገስበታል፣ ሙዚቃ ይሰማበታል፤ አስም ያለባቸው ሰዎች አየሩን ሊስቡ ይወርዳሉ፣ አዳራቸውን እዚያው የሚያደርጉም አሉ። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ማረፊያ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ሰላምታውንም አስጎብኚዎቹ አልጣሉትም፤ የመዶሻው ድምፅ ነው የሌለው።

«ጋጣው በየት በኩል ነበር?» አልኳት አስጎብኚዋን። ጨለማ ወደ ዋጠው መተላለፊያ በእጇ አመለከተችኝ። ቆሜ አየሁት። ዘወር ስል ልጄ ግድግዳውን ትልሳለች።