አባቴ ሲመጣ ጫጫታው ይበርዳል

ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው አላውቅም። ብነግራቸው «ታዲያ ልጆቹ ፈተናውን አለፉ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ እገምታለሁ። አልፈዋል፤ ብዙዎቹ አልፈዋል። ነገሩን ለመናዘዝ ያስቸገረኝም እሱ ነው።

አዳማ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃላት አስጠናለሁ። ሰዋስው አላስተምርም፣ ንግግርም አላለማምድም፤ ቃላት ብቻ፣ ያውም ከባድ ከባዱን። ቅዳሜና እሁድ፣ ከፖስታ ቤት ብዙም በማይርቅ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት በምትመታው ክፍል ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ውጭ አገር ለመሄድ ቶፍል የሚወስዱ ነርሶች፣ ለድኅረ ምረቃ ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ለመውሰድ የሚያስቡ ኢንጂነሮች ይሰበሰባሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሳይቀሩ «ቲቸር» ይሉኛል።

የሚመጡት ቃል እንዳይጠፋባቸው አድርጌ ስለማስይዛቸው ነው። ለማያውቁት የእንግሊዝኛ ቃል በድምፅ የሚቀርበው የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ቃል እፈልግለታለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን በአንድ አስቂኝ ሥዕል አስራለሁ። ማንጠልጠያ እንለዋለን። «ገለብል» በቀላሉ የሚታለል ሰው ነው፤ እኔም የአድአ ጤፍ ነው ተብሎ በኩንታል ገዝቶ፣ ቤቱ ወስዶ ሲፈታው ገለባ ያገኘ ሰውዬ አመጣለሁ። «ግሪጌሪየስ» ከሰው ጋር መዋል የሚወድ ነው፤ ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት በነበረው የናዝሬት ጋሪ ላይ ተጠጋግተው የሚያወሩ መንገደኞች ይመጣሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ልጆች ግን በራሳቸው ቋንቋ ጋሪ «ጥሩ» ማለት ስለሆነ የራሳቸውን ያወጣሉ፦ ሰው የሚወድ፣ ጥሩ ሰው። «ላመንት» ማለት ማልቀስ፤ ላሟ የሞተችባት ሴት። ሐሳቡን በፍጹም የማይለውጥ ሰው ደግሞ «አዳማንት» ይባላል፤ ለእሱ ምንም አልደከምኩም። ከተማው አዳማ ወደሚለው ስሙ ከተመለሰ ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ የሚጣራ የሚኒባስ ረዳት አለ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሳምንት ቆይቼ ብጠይቃቸው አብዛኛውን ይመልሱልኛል።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሪቻርድ አትኪንሰንና ማይክል ራው ይህንኑ በ120 የሩሲያኛ ቃላት ሞክረውት ነበር። በማንጠልጠያ ያጠኑት 72 በመቶውን ሲያስታውሱ ያለ ማንጠልጠያ ያጠኑት 46 በመቶ ላይ ቀሩ። ይህን ቁጥር ለወላጆች ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳይነገራቸው ሲፈተኑ የመጀመሪያዎቹ ወደ 43፣ ሁለተኛዎቹ ወደ 28 በመቶ መውረዳቸውን ግን አንስቼ አላውቅም። ብልጫው ያኔም አለ፤ ሆኖም ከያዙት ከሲሶው በላይ ጠፍቷል። ሊከፍል የመጣ ወላጅ ፊት ይህን ማን ያወራል?

ከሁሉ የሚከብደኝ «አቤይት» (abate) የሚሉት ቃል ነው። ነፋስ፣ ዝናብ ወይም ሕመም ጋብ ሲል የሚነገር ነው። ጽሑፉን በእኛ ዓይን ካየነው ግን ቁልጭ ያለ «አባቴ» ነው። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ የተማረ ልጅ የላቲኑን ፊደል የለመደው በኦሮምኛው ጽሕፈት በቁቤ ነው፤ ቁቤ ደግሞ እንደተጻፈ ይነበባል። ስለዚህ ለእሱም «አባቴ» ነው፤ አባ በሁለቱም ቋንቋ አባት ስለሆነ ከክፍሉ ማንም አይቀርብኝም። ሥዕሉ ራሱ ይመጣል፦ ልጆች ቤቱን ሲያምሱት አባት በሩን ይከፍታል፣ ጫጫታው ይበርዳል። ከዚህ የተሻለ ማንጠልጠያ አግኝቼ አላውቅም።

ልጆቹን እያሳሳትኩ መሆኔን ግን አውቃለሁ። «አባቴ» ብለው አንብበው «አባቴ» ብለው ይይዙታል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃሉን ሲለው ቢሰሙ አይለዩትም። በትክክለኛው ድምፅ ለ«አቤት» ስለሚቀርብ በእሱ ሌላ ማንጠልጠያ ልሠራ ሞክሬያለሁ፤ የሚያለቅስ ልጅ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ለቅሶውን ጋብ ያደርጋል ምናምን። አልሳቁም። በሚቀጥለው ዙር ወደ አባቴ ተመለስኩ። ፈተናው ወረቀት ላይ ነው፣ አፋቸውን የሚሰማ የለም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። እውነቱ ግን ሳቁን መውደዴ ነው።

ይህ የከባድ ቃላት አመል ከየት እንደመጣብኝ ሳስብ ፕላዝማ ወደምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት እመለሳለሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የገባን ሰዎች እናውቀዋለን። ከስክሪኑ ውስጥ አንድ መምህር ባልለመድነው አነጋገር ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ መለስን አልመለስን አመስግኖን ያልፋል። የክፍሉ መምህራችን ጥግ ቆሞ ከእኛ ጋር ያዳምጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ የቀረልኝ ትምህርት እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ማንንም እንደማይጠብቅ፣ ማንም እንደማይጠይቀው ነው። መሆን የፈለግሁት ያንን ነበር፦ የማይጠየቅ ሰው። ከፎቶ ኮፒ ቤት 3,500 ቃላት የያዘውን የባሮንስ የጂአርኢ ቃላት ዝርዝር አስገልብጬ ያዝኩት። ያኔ አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አላነበብኩም ነበር፤ ላነብም አላሰብኩም።

በኋላ መምህር ሆንኩ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ከእኔ እጅግ አብልጦ የሚያስብ የፊዚክስ መምህር የማይመቸኝን እውነት ሲናገር አንድ ከባድ ቃል ወርውሬ ዝም አሰኘሁት። ቃሉ አልገባውም፤ ለመጠየቅም አፈረ። እኔም ቃሉ እዚያ ቦታ ይግባ አይግባ አላውቅም ነበር።

አባቴ፣ የሥጋ አባቴን ማለቴ ነው፣ የወንጂ ሰው ነበር። የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ያስጀመሩት የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። አባቴ የደረሰው ፋብሪካው በደርግ ከተወረሰ በኋላ ቢሆንም የፈረንጅ ቃሎቹ ከነማሽኖቹ ቆይተውታል፦ ሺፍት፣ ቦይለር፣ ቫልቭ፣ ፎርማን። ማንጠልጠያ የሠራለት የለም። ቫልቩን ቢረሳ እንፋሎቱ ያስታውሰዋል። ጎረምሳ ሳለሁ በዚያ የፋብሪካ እንግሊዝኛው አፍርበት ነበር። አሁን ስቆጥረው አባቴ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት ሁሉ የት እንደሚውሉ ያውቅ ነበር። የእኔዎቹ የት ይውላሉ?

ፈተናውም ቢሆን ከእኔ ጋር አልቆመም። ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 የተናጠል ቃል ተቃራኒና የቃላት ዝምድና መጠየቁን ትቶ፣ ቃልን በዓረፍተ ነገርና በምንባብ ውስጥ ብቻ ወደ መጠየቅ ዞሯል። በእኔ ሥራ ለሚኖር ሰው ይህ መርዶ ነው። ተማሪዎቼን ግን አላረዳኋቸውም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጠው አሁንም የድሮው ዝርዝር ነው፤ እኔም የማስጠናው ከእሱ ነው።

ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ። ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ነው፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ሲደነግጥ የእኔ ክፍል ሞላ፤ ወንበር ከጎረቤት ተዋስኩ። ወላጆች ፊት እንዳዘነ ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ መዝገቡን ስሞላ እንደነበር አልረሳውም።

በዚያ ዓመት ከገቡት አንዷ የባቱ ልጅ ነበረች። እናቷ አበባ እርሻ ይሠራሉ፤ እሷ ለትምህርት አዳማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። ማንጠልጠያዎቼን በሙሉ ታውቃቸዋለች፤ አንዳንዶቹን ከእኔ አሻሽላ ትነግረኛለች። አንድ እሁድ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረችና፣

«ቲቸር፣ ይሄ ግሪጌሪየስ የሚሉት… ሰው የት ነው የሚለው?» አለችኝ።

«መጽሐፍ ላይ ነዋ።»

«የትኛው መጽሐፍ? ላነበው ፈልጌ ነው።»

ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። «አንቺ መጀመሪያ ፈተናሽን እለፊ፣ ከዚያ ታነቢያለሽ» ብዬ ሸኘኋት። ለእኔም የተነገረኝ ያው ነበር። ቤቴ ገብቼ መደርደሪያዬን አየሁት፦ ዝርዝሮች፣ መዝገበ ቃላት፣ የፈተና ጥያቄዎች። ስንት ክፍል ያሳቅሁበትን ያንን ቃል በሰው አፍም ሆነ በመጽሐፍ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አግኝቼው አላውቅም።

ዘዴውን ራሱን ለመክሰስ አይደለም። በቃል መያዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪም ግስ ያጠናል። ግን ግሱን ይዞ አይቀመጥም፤ ቅኔ ይቆጥርበታል፣ መምህሩ ፊት ያቀርበዋል፣ ይታረማል። ቃሉ ሥራ ያገኛል ማለት ነው። ማንጠልጠያ በሩን ይከፍታል፤ እኔ ልጆቹን ደጃፍ ላይ አድርሼ ክፍያ ተቀብዬ እመለሳለሁ።

ትንሽ ልለውጥ ሞክሬ ነበር። ስለ ቆቃ ግድብ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጽፌ፣ የሳምንቱን ቃላት ውስጡ አስገብቼ አከፋፈልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ በወረቀቱ ያራግብ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ወንበር ይተርፈኝ ጀመር። ከነርሶቹ አንዷ፣ ሌሊቱን ተረኛ አድራ የመጣች፣ በትሕትና «ቲቸር፣ ገብቶኛል፣ ጥሩ ነው። ግን እኔ ለማንበብ ጊዜ የለኝም፤ ማንጠልጠያውን ብቻ ስጠን» አለችኝ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። የቆቃውን ገጽ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት፤ እያነበቡ ሲጠይቁኝ የማልመልሰው ይበዛ ነበር።

ባለፈው መስከረም ማስታወቂያዬን እንደገና ላሳትም ሄድኩ። «በሁለት ወር 1,000 ቃላት» የሚለውን መስመር ላወጣው አስቤ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ዞሮ አየኝና «ይሄ ከወጣ ምን ብለው ይመጡልሃል?» አለኝ። ትንሽ አሰብኩ። መስመሩ ይቆይ፣ ፊደሉን ግን ትንሽ አሳንሰው አልኩት።