ትእዛዝን ስለ ማንበብ

ንባብ ሲባል አሳባችን ወዲያው ወደ መጽሐፍ ይሄዳል። ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተርም አንባቢ ነው፤ ሥራው ሁሉ የተጻፈለትን ትእዛዝ እያነበበ መፈጸም ነውና። እኔ በምኖርበት በልደታ ሠፈር ከጥቂት ተማሪዎች ጋራ በትርፍ ጊዜያችን ይህን ንባብ ስንመረምር ቆይተናል፤ ከዚያም ያገኘሁትን አሳብ ለአንባቢ ለማካፈል ወደድሁ።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ስለ ነበር፣ አንባቢው ቃሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ አይጠራጠርም ነበር። ፊደላችን በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በዩኒኮድ ሲመዘገብም ይህን የመሰለ ዕድል አልተለየውም። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይትም መጀመሪያ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት አለው። ስለዚህ ከመካከል ገብቶ ማንበብ የጀመረ እንኳ ወዲያው መንገዱን ያገኛል።

በ1978 ከወጣው ከኢንቴል 8086 የተወለደው የፕሮሰሰር ቋንቋ ግን ይህ ጸጋ የለውም። ዛሬ በዚህ ቋንቋ አንዱ ትእዛዝ 1 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ሌላው እስከ 15 ባይት ይረዝማል፤ በመካከላቸውም የሚለይ ነጥብ የለም። አንዱ ባይትም እንደ ቦታው ትርጕሙን ይለውጣል። ለምሳሌ ቁጥር 72 በ32 ቢት አሠራር ከአንድ ሬጂስተር ላይ አንድ ቀንስ የሚል ሙሉ ትእዛዝ ነው፤ በ64 ቢት አሠራር ግን በሚከተለው ትእዛዝ ላይ የሚቀጠል ባዕድ መነሻ ብቻ ይሆናል። እኛም «ገና ነው» የሚለውን ጽሑፍ ስናነብ ጠብቆ ከሆነ በዓሉን፣ ላልቶ ከሆነ የጊዜውን አለመድረስ እንረዳለን። ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚፈታው አገባቡ ነው።

ፕሮሰሰሩ ራሱ ይህን የሚፈታ ክፍል በውስጡ አለው። ታዲያ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሁለተኛ አንባቢ ለምን አስፈለገው? ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመሥራት ላይ ያለውን ከርነል ሳያቆም ውስጡን ለመመልከት የፈለገ ባለሙያ፣ በሊኑክስ ውስጥ ኬፕሮብስ በሚባለው ዘዴ የአንዱን ትእዛዝ የመጀመሪያ ባይት አንሥቶ በምትኩ ቁጥር 204ን ያኖራል። ይህም «ቁም» እንደ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ቆሞ ያስታውቃል፤ ከርነሉም ተመልክቶ ሲያበቃ ቀድሞ የገለበጠውን ዋናውን ትእዛዝ በሌላ ቦታ አስፈጽሞ ጉዞውን ያስቀጥላል። ነገር ግን 204 በትእዛዙ መነሻ ላይ በመዋል ፈንታ በመካከሉ ቢውል የትእዛዙ ፍች ይበላሻል። ከርነል ሲሳሳት ደግሞ እንደ ተራ ፕሮግራም ብቻውን አይወድቅም፤ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ወደ ኋላ እየቈጠሩ መነሻውን በርግጥ ማግኘት ስለማይቻል፣ ከርነሉ ከክፍሉ መጀመሪያ ተነሥቶ ትእዛዞቹን በተራ እየለካ ይመጣል፤ የተጠየቀው ቦታ ከትእዛዝ መነሻ ጋራ ካልገጠመም ጥያቄውን አይቀበልም።

ለዚህ ልክ የሚያገለግለውን አንባቢ ጃፓናዊው ማሳሚ ሂራማትሱ በ2009 ለሊኑክስ አበረከተ። አንባቢው በመጀመሪያ ባዕድ መነሻዎቹን፣ ቀጥሎ የትእዛዙን ዋና ቁጥር፣ ከዚያም ሬጂስተርና አድራሻ የሚገልጹትን ባይቶች፣ በመጨረሻ በትእዛዙ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር በቅደም ተከተል ይለያል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የቋንቋው ሰዋስው ከአንባቢው ተለይቶ፣ ሰው በሚያነበው ሠንጠረዥ መቀመጡ ነው። ይህን ሠንጠረዥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ወደ ሲ ቋንቋ ይለውጠዋል። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ በወጣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚበቃው በሠንጠረዡ ላይ መጨመር ነው። አንባቢው ትክክል መሆኑም የሚፈተነው፣ የከርነሉን ትእዛዞች ሌላ ፕሮግራም ከለካው ልክ ጋራ በማስተያየት ነው።

አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዲቱ፣ «መምህር፣ የማያውቀው ትእዛዝ ሲገጥመው ገምቶ ቢያልፍስ ምን አለበት?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት አስታውሼ፣ ኬቪኤም የተባለውን የሊኑክስ ክፍል አሳየኋት። ኬቪኤም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ ያህል እንዲሠራ ያደርጋል፤ አንዳንድ ጊዜም የእንግዳውን ትእዛዝ ራሱ አንብቦ በስሙ ይፈጽማል። የማያውቀው ትእዛዝ ከገጠመው ግን አልቻልሁም የሚል መልስ ይመልሳል እንጂ ከልቡ አንቅቶ አይፈጽምም።

ይህም ከዚሁ ከሠፈራችን ሳልወጣ በልደታ ፍርድ ቤት በኩል ሳልፍ የማስበውን አሳብ አጸናልኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ቋንቋውን ለማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይፈቅዳል። አስተርጓሚው ያልሰማውን በግምት ቢሞላ፣ ዳኛው የሚፈርደው ባልተነገረ ቃል ነው። ያልገባውን ቃል ግን «ይደገምልኝ» ቢል ጥቂት ደቂቃ ይጠፋል እንጂ ፍርድ አይጓደልም። አደራ የተጣለበት አንባቢ ሁሉ፣ ሰውም ሆነ ኮምፒዩተር፣ ክብሩ የሚያውቀውን በማወቁ ብቻ ሳይሆን የማያውቀውን ለይቶ በመናገሩ ጭምር ነው።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ ለማንም የተገለጠ ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ ለልደታ ተማሪም ለሄልሲንኪ ተማሪም የሚደርሰው ገጽ እኩል ነው። በኮምፒዩተር መጠቀምን ብዙዎቻችን ተምረናል። ኮምፒዩተሩ የሚያነበውን ራሳቸው አንብበው የሚመረምሩ ወጣቶች ሲበዙልን ደግሞ፣ የታዘዘውን ከመፈጸም አልፈን ትእዛዙ ትክክል መሆኑን ለመጠየቅ እንበቃለን።