ሌሊት የሚተነፍሰው አጥር

ድሬዳዋ በደረስን ማግስት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ለአክስቴ ስኳርና ቡና ልገዛ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው አሸልበዋል።

«አባዬ፣ ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» አለችኝ የ11 ዓመቷ ልጄ።

«በዓል አይደለም፣ ድሬ ናት። እዚህ ፀሐይ ስትከር ሰው በሩን ዘግቶ ያርፋል፤ ሲበርድ ይወጣል» አልኳት።

እውነትም ወደ 12 ሰዓት ላይ ከተማዋ ነቃች። ሱቆች ተከፈቱ፣ መንገዱ በሰው ሞላ፤ ስኳሩንም ቡናውንም በመብራት ገዛን። ይህንኑ የድሬዎች ልማድ ከአንድ ቀን በኋላ ባቢሌ ላይ ስለ አንድ ተክል ለማስረዳት እንደምጠቀምበት ግን አላሰብኩም ነበር።

ወደ ባቢሌ የወሰደኝ ጉዳይ የሚያኮራ አይደለም። አክስቴ እዚያ ከኖረች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። የግቢዋ አጥር ባለቤቷ በሕይወት ሳለ በእጁ የተከለው በለስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስልክ ደውላ «አጥሩ ሰፍቶ መተላለፊያ አሳጣኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሳላመነታ መለስኩላት። «አስቆርጪና ገደሉ ውስጥ አስጥዪው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል» አልኳት።

ዘንድሮ እንደገና ደወለች። «የኔ ጌታ፣ ፀሐይ ያደርቀዋል ያልከኝ በለስ በቅሎ የጎረቤቴን የግጦሽ መሬት ወረሰው። ሰውየው ሰላምታ ነስቶኛል። መጥተህ በዓይንህ እይ» አለች። ምን ይባላል? ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው፣ ሐረር ሲደርስ አየሩ ቀዝቀዝ ይልለታል። ከሐረር በጅጅጋ መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ባቢሌ ነው። ከተማዋ በለውዟ፣ በማዕድን ውሃዋና በግመል ገበያዋ ትታወቃለች። ከእሷ አለፍ ሲባል፣ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ ባንዱ ላይ ሊወድቁ ሲሉ የቆሙ የሚመስሉበት የዳካታ ሸለቆ አለ። የዝሆኖች መጠለያውም በዚሁ አካባቢ ነው፤ ዝሆኖቹ ደግሞ በለስ አይጠሉም።

በመንገዳችን ግራና ቀኝ ቁልቋልና በለስ ጎን ለጎን ቆመዋል። ልጄ ሁለቱን አንድ ዘር አድርጋ ነበር የምታያቸው። አልፈርድባትም፤ ብዙ ቦታ ሁለቱንም «ቁልቋል» ብለን እንጠራቸዋለን። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሥጋቸው ወፍራም፣ እሾሃቸው የሚዋጋ ነው። ነገር ግን ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ በለስ አያፈስም። ያ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ክፉኛ ይጎዳልና ልጆች ያሏችሁ ተጠንቀቁ።

የቁልቋል ዘመዶች ብሳናና ጉሎ ናቸው። በለስ ግን ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። በሩቁ ዝምድናው የሚቀርበው ለቆስጣና ለቀይ ሥር ነው። ይህን ስነግራት ልጄ «ቆስጣ? የምንበላው ቆስጣ?» ብላ በሚኒባሱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀችው።

ታዲያ አንዱ አፍሪካ፣ ሌላው አሜሪካ፣ በዘር ሳይገናኙ እንዴት ተመሳሰሉ? መልሱን አክስቴ ግቢ አገኘነው።

እንደደረስን ቡና ሳይፈላ ገደሉን ላይ ብዬ ወጣሁ። ያስጣልኩት ቁራጭ ሁሉ ሥር ሰዶ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ደራርቦ፣ ከገደሉ አፍ ወጥቶ ሜዳውን ይዟል። ጎረቤቷ አዛውንት ከፍየሎቻቸው ጋር ቆመው ነበር። በትህትና ግን በቅዝቃዜ ሰላም አሉኝና «ሳሩን በላብን። ደቃቁ እሾህ የፍየሎቹ አፍ ውስጥ እየተሰካ ያቆስላል» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም። ልጄ ግን «ውሃ ሳያጠጡት፣ ሥሩ ተቆርጦ፣ እንዴት አልደረቀም?» ብላ ጠየቀች። ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ራሴን መጠየቅ የነበረብኝ ይህንኑ ነበር።

ማታ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን የሚከተለውን ነገርኳቸው።

ተክል ምግቡን የሚሠራው ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና እኛ የተቃጠለ አየር ከምንለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየሩን የሚያስገባው በቅጠሉ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ችግሩ አየር የሚገባበት በር ውሃ የሚወጣበትም በር መሆኑ ነው። ስንዴን የመሰለ ተክል 1 ግራም የተቃጠለ አየር ለማስገባት ከ400 እስከ 500 ግራም ውሃ በትነት ያጣል። በቆሎን የመሰለው ከ250 እስከ 300 ግራም ያጣል። በለስና ወገኖቹ ግን ከ50 እስከ 100 ግራም ቢያጡ ነው።

ዘዴው የድሬዳዋ ዘዴ ነው። በለስ ቀን በሩን ይዘጋል፤ ሲመሽና ሲበርድ ይከፍታል። ነገር ግን ሌሊት ፀሐይ የለም፣ ምግብም አይበስልም። ስለዚህ ያስገባውን አየር ወደ አሲድ ቀይሮ በውስጡ ያጠራቅመዋል። አሲዱ ማሊክ አሲድ ይባላል፤ ፖምን ጎምዛዛ የሚያደርገው ያው እሱ ነው። ሲነጋ በሩን ይዘጋና ያጠራቀመውን አሲድ እየፈታ፣ ከውስጡ በሚወጣው አየር ቀኑን ሙሉ ምግቡን ያበስላል። ማታ ገዝቶ ቀን የሚያበስል ቤት ማለት ነው።

ድርቁ ሲጠና ደግሞ ቀንም ሌሊትም ይዘጋል። ራሱ የሚተነፍሰውን አየር ወደ ውጭ ሳይለቅ መልሶ ይጠቀምበታል። አያድግም፣ ግን አይሞትም። ገደል ውስጥ የተጣለው ቁራጭ ዝናብ እስኪመጣ የጠበቀው እንዲህ ነው።

አክስቴ አዳመጠችና «እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ጥበቡን ሰጥቶታል፤ አንተ ግን ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ገደል ጣዪው ያልከኝ?» አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ስለዚህ ነገር አንብቤ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ሁልጊዜ የማስተምረው «የቅጠል ቀዳዳዎች ቀን ይከፈታሉ፣ ሌሊት ይዘጋሉ» የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ሳነሳም የመለስኩት ያንኑ ነበር።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ልጄ ቀሰቀሰችኝ። ከአጥሩ ለጋ የበለስ ቅጠል ቆርጠን፣ እሾሁን በቢላ ፍቀን፣ ልጠን ቀመስነው። ሁለታችንም ፊታችንን አኮማተርን፤ እንዳልበሰለ ፍሬ ይጎመዝዛል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከዚያው ተክል ሌላ ለጋ ቆርጠን ቀመስን። ጉምዘዛው ጠፍቶ እንደ ኪያር ለስላሳ ሆኗል። የሌሊቱን አሲድ ቀን በልቶታል።

ይህን በምላሱ ያወቀው የመጀመሪያው ሰው እኛ አይደለንም። ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የተባለ የዕፅዋት አጥኚ፣ የእኛ እንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው እንደሚጎመዝዝ፣ በቀትር ጣዕም እንደሚያጣ እ.ኤ.አ. በ1813 በደብዳቤ ጽፏል። እናንተ ግን በእንዳሁላም በቁልቋልም እንዳትሞክሩት፤ መርዝ አላቸው። ለቅምሻ ለጋ በለስ ይበቃል።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። በዘር የማይገናኙት ሁለቱ እንዴት ተመሳሰሉ? በምድራችን ታሪክ ባለፉት 30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየቀነሰ፣ ብዙ አካባቢም እየደረቀ ሄደ። አየር ሲሳሳ ተክል በሩን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት ግድ ይሆንበታል፤ በከፈተ ቁጥር ውሃ ያጣል። በዚህ ጭንቅ ውስጥ፣ ሌሊት ጥቂት አየር ማስቀመጥ የቻለው ከጎረቤቱ ይልቅ ዘር ለመተው በቃ። ከብዙ ትውልድ በኋላ ጥቂቱ ብዙ ሆነ።

የሚገርመው አዲስ መሣሪያ አለማስፈለጉ ነው። አየሩን ወደ አሲድ የሚቀይረው ኬሚካል በቆስጣም፣ በብሳናም፣ በማንኛውም ቅጠል ውስጥ አለ፤ የተቀየረው ሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህም ይህ ዘዴ አንድ ቦታ ተፈጥሮ የተሰራጨ ሳይሆን፣ ከ30 በሚበልጡ የዕፅዋት ቤተሰቦች ውስጥ በየራሱ ጊዜ የመጣ ነው። ቁልቋል በአፍሪካ፣ በለስ በአሜሪካ፣ እሬት በራሱ መንገድ፣ ቃጫና አናናስም እንዲሁ። ጤፋችን እንኳ በዚያው ኬሚካል ይጠቀማል፤ እሱ ግን ሥራውን የከፋፈለው በቀንና በሌሊት ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ ባሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት መካከል ነው።

የጉዞው ምስክርም እስከ ዛሬ አለ። በአሜሪካ አህጉር ጰረስኪያ የሚባሉ፣ እንደ ማንኛውም ዛፍ ቅጠል ያላቸው የበለስ ዘመዶች ይገኛሉ። እነሱ በአብዛኛው ቀን ነው አየር የሚያስገቡት። የበለስም አያቶች እንዲያ ሳይሆኑ አይቀሩም። በኋላ ቅጠሉ ጠፍቶ በቦታው እሾህ ቀረ፣ ሥራውን ግንዱ ተረከበ። እኛ የበለስ ቅጠል የምንለው ጠፍጣፋው ነገር በእርግጥ ግንድ ነው።

የቀረው ጎረቤትን ማስታረቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ለቡና ተጠሩ። ጥፋቱ የአክስቴ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። «የሚያጠፋው ተባይ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። አለ፤ በትግራይ ለቀለም ምርት የገባች ነፍሳት ከታሰበላት ቦታ ወጥታ፣ ብዙ ቤተሰብ በክረምት የሚበላውን በለስ እንዳወደመች ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። የእሳቸውም ልጆች የአክስቴን በለስ በልተው ነው ያደጉት።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። አጥሩ ይቆያል፤ በየዓመቱ ይከረከማል። ከሜዳው ላይ ያለው ይቆረጣል፤ አንድም ቁራጭ መሬት ላይ አይቀርም። እሾሁ በእሳት ከተለበለበ በኋላ ተከትፎ ከማሽላ አገዳ ጋር ለፍየሎቹ ይሰጣል። ብቻውን ከሆነ ውሃው ስለሚበዛ ሆዳቸውን ያላላል። የተረፈው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ለጉልበት ሠራተኞቹ የሚከፈለውን እኔ ቻልኩ። ሁለት ቀን አብሬ ቆረጥኩ፤ ደቃቁን እሾህ ልጄ በወረንጦ ከእጄ ስትለቅም አመሸች።

አዲስ አበባ ከተመለስን ከአንድ ወር በኋላ አክስቴ ደወለች። ፍየሎቹ ለምደውታል። አዛውንቱም ወተት ልከውላታል።

እኔም ክፍል ገብቼ «የቅጠል ቀዳዳዎች ቀን ይከፈታሉ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩ በኋላ፣ ከፊቱ «የአብዛኞቹ ዕፅዋት» የሚል ጨመርኩበት። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የእነማን አይከፈትም?» አለ። የዚያን ዕለት ክፍለ ጊዜው አልበቃንም።